የድሮ ካሴት ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ምስሉ ለምን ይበላሻል? እንዴትስ ይስተካከላል?

በብዙ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት አለ። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት። አሁን በሕይወት የሌሉ አያቶች የሚናገሩበትና የሚስቁበት ብቸኛ ቦታም እሱ ነው። ሰው ይህን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ማስገልበጥ የጀመረው ደግሞ በምክንያት ነው። ማጫወቻው እየጠፋ ነው። ቪኤችኤስ የሚባለውን የተለመደውን የቪዲዮ ካሴት የሚያጫውተውን ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ታዋቂ ድርጅት፣ የጃፓኑ ፉናይ ኤሌክትሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል። ዛሬ የምናገኘው ዴክ ሁሉ ያገለገለ ነው። ካሴቱም በበኩሉ እያረጀ ነው።

ብስጭቱ የሚመጣው ከተገለበጠ በኋላ ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ፊት ይሰፋል። ነጭ ልብስ አንድ ነጭ ነገር ሆኖ ይቀራል። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ብዙዎች ያኔ ጥፋቱን በካሴቱ ላይ ያደርጉና "አርጅቷል፣ ምን ይደረግ" ብለው ይተዉታል። ግን አብዛኛው ጉድለት ከካሴቱ አይደለም የሚመጣው። ከካሴቱ የመጣውም ቢሆን ብዙ ጊዜ መላ አለው። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ጉድለት የተፈጠረበትን ቦታ ለይቶ እዚያው ማስተካከል ነው።

ድሮ ጥርት ያለ ነበር፤ አሁን ምን ነካው?

ቪኤችኤስን የጃፓኑ ጄቪሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የተሠራው ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ነው። ያ ጀርባው ወፍራም ቴሌቪዥን ስክሪኑ ትንሽ ነበር። ምስሉን ትንሽ ያለሰልሰዋል። ዳር ዳሩን ደግሞ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ አድርጎ ይደብቀዋል። ስለዚህ ጉድለቱ ያኔም ነበር፤ አይታይም እንጂ።

አሁን ያው ምስል ትልቅ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ይለጠጣል። ሒሳቡን እንየው። ከካሴት የሚገለበጥ ምስል በኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል በሚባለው፣ 720 በ576 ነጥብ ነው። ሲባዛ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ደግሞ 2,073,600 ነጥብ አለው። በትክክል 5 እጥፍ ነው። ማለትም ስክሪኑ ከሚያሳያችሁ 5 ነጥቦች 4ቱን ራሱ ገምቶ የሞላቸው ናቸው። ቪኤችኤስ ደግሞ ያንን 720ም በቅጡ አይሞላውም። በአግድም የሚለየው ዝርዝር በባለሙያ መለኪያ 240 መስመር ያህል ብቻ ነው።

ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የካሴት ምስል የስልክ ቪዲዮ አይሆንም። ሆኖም በጥሩ መንገድ የተገለበጠና በመጥፎ መንገድ የተገለበጠ አንድ ካሴት ጎን ለጎን ቢታይ፣ ሁለት የተለያየ ካሴት ይመስላል።

ጉድለቱ ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል?

ምስሉ የሚያልፍበት መንገድ ይህ ነው፦ ካሴት፣ ዴክ፣ ገመድ፣ ካፕቸር ካርድ፣ ሶፍትዌር፣ ከዚያ ፋይል። ካፕቸር ካርድ የምንለው ከዴኩ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒውተር ወደሚገባው ቁጥር የሚለውጠው ትንሽ መሣሪያ ነው። ከአንዱ ቦታ የጠፋ ነገር ቀጥሎ ባለው አይመለስም። ስለዚህ ፍለጋው ሁልጊዜ ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተሩ ነው የሚሄደው።

ለመለየት ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት መንገዶች አሉ። ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ አጫውቱት። ጉድለቱ በዚያው ሰከንድ ላይ ተመልሶ ከመጣ ያለው ቴፑ ላይ ነው። ቦታ ከቀየረ ዴኩ ወይም ቆሻሻ ነው። ሌላ ደህና የሚባል ካሴት ክተቱ። እሱም ካስቸገረ ካሴታችሁን አትውቀሱ። በመጨረሻ ዴኩን በቀጥታ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀለሙ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ከተበላሸ ችግሩ ከገመዱ ጀምሮ እስከ ኮምፒውተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

በዚህኛው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የድሮ ቴሌቪዥን ታጋሽ ነው። ትንሽ የተዛነፈ ምልክት ሲመጣለት አብሮ ይሄድለታል። ካፕቸር ካርድ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ "ቲቪው ላይ አይወዛወዝም" ማለት ብቻውን ዴኩን ነፃ አያወጣውም።

የያዛችሁት የትኛውን ቅጂ ነው?

የሰርግ ካሴት ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ይቀርጻል። ያቀናብርና ለሙሽሮቹ አንድ ይሰጣል። ከዚያ ለሙሽራዋ ቤተሰብ አንድ ይገለበጣል፣ ከእሱ ደግሞ ውጭ አገር ላለው ወንድም ሌላ። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጫጫታው (በምስሉ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) ይጨምራል፣ ቀለሙ ከቅርጹ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የከንፈር ቀይ ከከንፈሩ ወጣ ብሎ ሲታይ ያያችሁት ይህንን ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ዘመድ ጋር መደወል ይቀድማል። ከሁሉም የሚቀድመውን ቅጂ ፈልጉ። ለመነሻው አንድ ትውልድ የቀረበ ካሴት የትኛውም ሶፍትዌር የማይሰጠውን ይሰጣል። ካሜራው ውስጥ የነበረው ዋናው ካሴት ከተገኘማ ነገሩ ሌላ ነው።

ካሴቱን ስታገኙት ወዲያው አታጫውቱት። በመስኮቱ በኩል ቴፑን እዩት። ነጭ ዱቄት ወይም ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያለበትን ካሴት ዴክ ውስጥ መክተት ቴፑንም ሊበጥሰው፣ ዴኩንም ሊበክለው፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ሊያሻግረው ይችላል። እሱን ለይታችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ደህና ከሆነ በካሴቱ ጀርባ በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሯት። ያለሷ ዴኩ በስህተት እንኳ በላዩ ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑትና ወደ መጀመሪያው መልሱት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ቴፕ ውጥረቱ በዚህ ይስተካከላል።

ምስሉ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ከሞላበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሄዱ ነው። ሄድ ማለት ዴኩ ውስጥ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ያለችው፣ ቴፑን የምታነብ በጣም ትንሽ ክፍል ናት። ስትቆሽሽ አታነብም። ዴኩን ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ፣ ክር የማይለቅ ወረቀት ወይም ስስ ቆዳ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥባችሁ ከበሮው ላይ ያዙትና ከበሮውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። ወደ ላይና ወደ ታች በፍጹም አትጥረጉ፤ ሄዷ ትሰበራለች። የጆሮ ጥጥም አይሆንም፣ ክሩ ይይዛታል።

በምስሉ ላይ የሚሻገር የጫጫታ ቀበቶ ካለ ግን ትራኪንግ የሚለውን ቁልፍ እየነካችሁ እዩ። ሄዷ የተቀዳውን መስመር ልክ መሀሉን እንድትይዝ የሚያደርገው እሱ ነው።

ቀጥ ያለው ግድግዳ ለምን ይወዛወዛል?

ይህ ጉድለት ከሁሉም የበለጠ የሚታይ፣ ከሁሉም ያነሰ የሚታወቅ ነው። የበር መቃን፣ የአዳራሽ ምሰሶ፣ የመስኮት ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ያወጣል፣ ወይም ከላይ በኩል ጎንበስ ይላል። ሰው ካፕቸር ካርዱን ይቀይራል። ሶፍትዌር ይቀይራል። አይለቅም።

የካሴት ምስል አንድ ላይ ተነሥቶ የሚመጣ ፎቶ አይደለም። ሸማኔ ማጉን አንድ በአንድ እየወረወረ ጋቢ እንደሚያወጣ፣ ዴኩም ምስሉን በአግድም መስመር በመስመር ነው የሚሠራው። በፓል ሥርዓት አንዱ መስመር 64 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ አለው። እያንዳንዱ ማግ ከእኩል ቦታ ከጀመረ የጋቢው ጠርዝ ቀጥ ይላል። አንዱ ትንሽ ቀድሞ፣ ሌላው ትንሽ ዘግይቶ ከገባ ጠርዙ ይዛነፋል።

ዴክ ደግሞ ሞተርና ጎማ ያለው መሣሪያ ነው። ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል፣ ቴፑ ይሳባል፣ ይለጠጣል። ከ30 ዓመት በኋላ ፍጥነቱ ፍጹም እኩል ሊሆን አይችልም። መስመሮቹ የሚዛነፉት በዚህ ነው።

መፍትሔው ታይም ቤዝ ኮሬክተር ይባላል፤ ባጭሩ ቲቢሲ። ሥራው መስመሮቹን ተቀብሎ ለአፍታ ማስታወሻው ውስጥ ይዞ፣ ሁሉንም ከእኩል መነሻ መልሶ መልቀቅ ነው። አንዳንድ የላቁ የኤስ ቪኤችኤስ (የተሻሻለው ቪኤችኤስ) ዴኮች ይህን በውስጣቸው ይዘው ይመጣሉ። በአሜሪካው ሥርዓት የሚሠራው የፓናሶኒክ ኤጂ 1980 አንዱ ነው። ጄቪሲም እንዲህ ያሉ ዴኮችን ሠርቷል። እነዚህ ያገለገሉ ሆነውም ውድ ናቸው።

ርካሽ መንገድም አለ። የፓናሶኒክ የድሮ ዲቪዲ መቅጃዎች፣ በተለይ ዲኤምአር ኢኤስ10 እና ኢኤስ15፣ ምልክቱ በውስጣቸው ሲያልፍ መስመሮቹን ያስተካክላሉ። ዲቪዲ አትቀዱባቸውም። ከዴኩ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ ካፕቸር ካርዱ ገመድ ማሳለፍ ብቻ ነው። የተሟላ ቲቢሲ አይተኩም፤ ግን ሰው ጎንበስ ብሎ የነበረ ምስል ቀጥ ሲል ሲያይ ልዩነቱ አያጠራጥርም።

እዚህ ላይ ቁርጡን መናገር ይሻላል። የተዛነፉ መስመሮች አንዴ ፋይሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ በተራ ሶፍትዌር አይቃኑም። ለዕቃ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ከካፕቸር ካርድ በፊት እዚህ ላይ ይውጣ።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ፣ ወይም ይገለባበጣል። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ዴኩና ኮምፒውተሩ በተለያየ ሥርዓት እያወሩ ነው። ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና አብዛኛው አውሮፓ ፓል የሚባለውን ይጠቀሙ ነበር። ይህ በአንድ ምስል 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል ነው። አሜሪካና ጃፓን ደግሞ ኤንቲኤስሲ፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ምስል። ከዋሽንግተን የተላከ የልደት ካሴት አዲስ አበባ ደርሶ አልታይ ያለው ለዚህ ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከውም እዚያ እንዲሁ።

ካሴቱ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው። ፍንጭ የሚሰጠው ጽሑፉ ነው። ኢ 180 የሚል ካሴት ለፓል አገር የተሸጠ ነው፣ ቲ 120 የሚል ለኤንቲኤስሲ። ግን ባዶ ካሴት ከአገር አገር ይዞር ስለነበር ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ካፕቸር የምታደርጉበት ሶፍትዌር ውስጥ ሥርዓቱን የምትመርጡበት ቦታ አለ። ካሴቱ ፓል ከሆነ ፓል ቢ ወይም ፓል ጂ የሚለውን፣ የአሜሪካ ከሆነ ኤንቲኤስሲ ኤም የሚለውን ምረጡ። አስቸጋሪው በፓል ዴክ የአሜሪካ ካሴት ማጫወት ነው። ብዙ የፓል ዴኮች ካሴቱን ያነቡታል፣ ነገር ግን የሚያወጡት ግማሹ ፓል ግማሹ ኤንቲኤስሲ የሆነ ድብልቅ ነው። ፓል 60 ይባላል። ቴሌቪዥን ይቀበለዋል፣ ብዙ ካፕቸር ካርድ ግን ቀለሙን ይጥለዋል። ከምርጫዎቹ ውስጥ ፓል 60 ካለ እሱን ሞክሩ። ከሌለ ትክክለኛው መንገድ ኤንቲኤስሲን እንዳለ የሚያወጣ ዴክ ማግኘት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ካለ ያን ካሴት እዚያው ማስገልበጥ ይቀላል።

ሁለተኛው ምክንያት ገመድ ነው። ቢጫው ጃክ ብርሃንና ቀለምን አደባልቆ ይልካል። ኤስ ቪዲዮ የሚባለው ክብ ሶኬት ለየብቻ ይልካቸዋል። ቪኤችኤስ ቴፑ ላይም ለየብቻ ስለሚቀዳቸው፣ ዴኩ ኤስ ቪዲዮ ካለው በእሱ ውሰዱት። በጠርዝ ላይ የሚሄዱ ነጠብጣቦችና ቀስተ ደመና የመሰሉ ቀለሞች ይጠፋሉ። አንዱ ጫፍ ኤስ ቪዲዮ ሌላው ቢጫ ጃክ ተብሎ ከተመረጠ ግን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ውስጥ የተመረጠው መግቢያና ገመዱ የተሰካበት አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ቬሎውና ነጠላው ለምን አንድ ነጭ ሆኑ?

ይህ የኛ ካሴቶች ልዩ ችግር ነው ማለት ይቻላል። ነጭ ልብስ እንወዳለን፤ ቀረጻው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀትር ላይ፣ ደጅ ነው። የቪዲዮ ካሜራዎቹ ነጩን ከመደበኛው ልክ በላይ አድርገው ይቀዱት ነበር። ዝርዝሩ ግን ቴፑ ላይ አለ። የነጠላው እጥፋት፣ የጥለቱ ክር፣ የቬሎው ዳንቴል አለ።

የሚጠፋው ካፕቸር ካርዱ ጋ ሲደርስ ነው። ካርዱ ብርሃንን በቁጥር ይለካል። ከ16 በታች ጥቁር፣ ከ235 በላይ ነጭ ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ የመጨረሻው ጣሪያ ደግሞ 255 ነው። ከጣሪያው ያለፈው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ቁጥር የተሰጠው ነጠላ እጥፋት የለውም። በኋላ ብርሃኑን ብትቀንሱት ግራጫ ይሆናል እንጂ እጥፋቱ አይመለስም። በጨለማው በኩልም እንዲሁ ነው። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሚዜ ከጥቁር መጋረጃ ፊት ሲቆም ሁለቱ ይደባለቃሉ።

ስለዚህ ማስተካከያው ከመገልበጡ በፊት ነው። ቨርቹዋልደብ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ካፕቸር በሚያደርግበት ክፍል ሂስቶግራም አለው። የብርሃኑን ስርጭት በግራፍ ያሳያል። ካሴቱን ወደ ነጭ ልብስ የበዛበት ቦታ ውሰዱና ግራፉን እዩ። ቀኝ ጫፍ ላይ ከተከመረ ኮንትራስቱን ቀንሱ። ግራ ጫፍ ላይ ከተከመረ ብራይትነሱን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ምስሉ ያኔ ፈዘዝ ያለ ይመስላል። አትደንግጡ። ፈዛዛ ፋይል በኋላ ይደምቃል፤ ጣሪያ የነካ ፋይል ግን መመለሻ የለውም።

ብርሃኑ በራሱ ደመቅ ደብዘዝ እያለ የሚተነፍስ ከሆነስ? አንዳንድ ርካሽ ካርዶች ብርሃንን በራሳቸው ለማመጣጠን ሲሞክሩ ነው። ቅንብራቸው ውስጥ የሚጠፋበት ቦታ ካለ አጥፉት። ደግሞም በአንድ ቅርጽና በአንድ ስም የሚሸጡ ትንንሽ የዩኤስቢ ካርዶች ውስጣቸው ያለው ቺፕ የተለያየ ነው። ጎረቤታችሁ ጋ በደንብ የሠራው እናንተ ጋ ላይሠራ ይችላል። እንደ ሆፓግ ዩኤስቢ ላይቭ 2 ያሉት የተሻለ ስም አላቸው። ምስሉን በራሳቸው ወደ ኤችዲኤምአይ አሳድገው የሚያወጡትን ርካሽ ሳጥኖች ግን ተዉዋቸው። ሥራውን ሁሉ በችኮላ ሠርተው፣ መልሳችሁ የማታፈርሱትን ነገር ነው የሚሰጧችሁ።

እስክስታው ላይ ትከሻ ለምን ይሰነጣጠቃል?

የካሴት ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ ይመጣል ብለናል። እያንዳንዱ ምስል ግን በሁለት ግማሽ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ከዚያ ሙሉዎቹ። በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ማለት ነው። ይህ ኢንተርሌስ ይባላል፣ ግማሹ ምስል ደግሞ ፊልድ። ሁለቱ ግማሾች በአንድ ቅጽበት የተነሡ አይደሉም። በመሀላቸው የሰከንድ ሃምሳኛ አለ።

የቆመ ሰው ላይ ይህ አይታይም። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ግን በሰከንድ ሃምሳኛ ውስጥ ቦታ ይቀይራል። ኮምፒውተር ሁለቱን ግማሾች ደርቦ ሲያሳይ ጎዶሎዎቹ መስመሮች ትከሻውን እዚህ፣ ሙሉዎቹ እዚያ ያሳያሉ። የተሰነጣጠቀው ጠርዝ እሱ ነው። ካሴቱ አልተበላሸም።

መፍትሔው ዲኢንተርሌስ ማድረግ ነው። ከእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ሙሉ ምስል ማውጣት ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ ይመጣል። ብዙ ሶፍትዌሮች ያለ ጥያቄ 25 ምስል ብቻ ያስቀራሉ። ግማሹን እንቅስቃሴ ጣሉት ማለት ነው፤ ጭፈራው ይደናቀፋል። 50 እንዲያወጣ ምረጡ፤ እንቅስቃሴው በቴሌቪዥን እንደነበረው ይፈሳል። ሃንድብሬክ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ቦብ የሚለው ምርጫ ይህን ያደርጋል። ጊዜና ትዕግሥት ያለው ሰው ኪውቲጂኤምሲ የሚባለውን የዲኢንተርሌስ ዘዴ ይጠቀማል። አዝጋሚ ነው፣ ውጤቱ ግን ከሁሉም የተሻለ ነው።

ምስሉ ወደፊትና ወደኋላ የሚዘል ከሆነ የግማሾቹ ቅደም ተከተል ተቀያይሯል። የላይኛው ይቅደም ወይስ የታችኛው የሚል ምርጫ አለ፤ ቀይሩት።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙ። ዲኢንተርሌስ ሳታደርጉ ምስሉን አታሳድጉ፣ አታሳንሱ። ሁለቱ ግማሾች ከተቀላቀሉ በኋላ የሚለያቸው የለም። ኦቢኤስ የሚባለውን የመቅጃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። መጠኑን 1920 በ1080 እንደሆነ ትታችሁት ትቀዳላችሁ።

ፊት የሚሰፋውም ከዚሁ መጠን ጋር ይያያዛል። የካሴት ምስል ቅርጹ 4 ለ3 ነው፤ ስክሪኑ 16 ለ9። ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ይቅር። እናትን አስፍቶ ስክሪን ከመሙላት ያ ይሻላል። በመጨረሻው ፋይል 768 በ576 ብትሉት ልኩ ይመጣል። ከምስሉ ግርጌ ያለችው የተቀደደች ጠባብ መስመር ደግሞ ሄዶቹ ተራ ሲለዋወጡ የምትፈጠር ናት። ጥሩ ዴክ ላይም አለች። በጥቁር ሸፍኗት።

ድምፁና ከንፈሩ ለምን ይለያያሉ?

ኮምፒውተሩ አንዳንድ ምስሎችን ሳይዝ ስላለፈ ነው። ድምፁ አልተቆረጠም፣ ምስሉ ግን አጠረ። የሁለት ሰዓት ሰርግ መጨረሻ ላይ ልዩነቱ ሰከንዶች ሊደርስ ይችላል። ሶፍትዌሩ የጠፉትን ምስሎች ቁጥር ያሳያል፤ እየገለበጣችሁ ተከታተሉት። ካርዱን ከማከፋፈያ ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ በቀጥታ ሰኩት። ሌላ ፕሮግራም ዝጉ። ሁሉም ተደርጎ ካልተስተካከለ መነሻው ያልተረጋጋው የዴክ ምልክት ነው፣ ወደ ቲቢሲው ይመልሰናል።

ቀስ ብለው የሚያልፉ ደብዛዛ ቀበቶዎች ካያችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪኩ በኩል የሚመጣ ነው። ዴኩን በስታብላይዘር ማሠራት የመብራት መዋዠቅ ባለበት ሰፈር ግዴታ ነው። በኦቢኤስ የምትቀዱ ከሆነ ፋይሉን በኤምፒ4 ሳይሆን በኤምኬቪ አድርጉት። መሀል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። ኤምፒ4 ግን ሳይዘጋ ከቀረ ላይከፈት ይችላል።

ፋይሉን በምን ዓይነት ላስቀምጠው?

ሁለት ፋይል ይኑራችሁ። አንዱ ዋናው፣ ምንም ያልተነካ፣ ምንም ሳይጣል የተጨመቀ። ሀፍዋይዩቪ ወይም ኤፍኤፍቪ1 የሚባሉት የመጨመቂያ ዘዴዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ያልተጨመቀ የፓል ቪዲዮ በሰዓት 75 ጊጋባይት ይጠጋል፤ እነዚህ በግምት ወደ ግማሹ ያወርዱታል። ሁለተኛው ከእሱ የሚወጣው፣ ዲኢንተርሌስ የተደረገው፣ ቀለሙ የተስተካከለው፣ ለዘመድ የሚላከው ኤምፒ4 ነው። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት እንደገና ይጨመቃል፣ የለፋችሁበት ይቀንሳል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት አያጠራውም?

ምስል አሳድገው የሚያጠሩ ፕሮግራሞች አሁን በዝተዋል። ግድግዳና ዛፍ ላይ ደህና ይሠራሉ። ፊት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ደብዛዛ ፊት ሲያገኙ ካዩዋቸው ሚሊዮን ፊቶች የሚመስለውን ይሞሉበታል። የሚወጣው ጥርት ያለ ፊት ነው፣ የአያታችሁ ፊት ግን ላይሆን ይችላል። የጫጫታ መቀነሻውም ቢበዛ ቆዳን ሰም ያስመስላል፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍን ያጠፋል። መሞከር ይቻላል፣ ግን በቅጂው ላይ። ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ።

ካሴቱን ከዚያ በኋላ ልጣለው?

አትጣሉት። ዴኩ ምስሉን ከመሥራቱ በፊት ሄዷ ያነበበችውን ጥሬ ምልክት በቀጥታ ይዞ፣ ቀሪውን ሥራ ሁሉ ለኮምፒውተር የሚሰጥ ቪኤችኤስ ዲኮድ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር እየጎለበተ ነው። ዴኩን ከፍቶ ሽቦ ማገናኘት ስለሚጠይቅ ለጊዜው የቴክኒክ ሰዎች ሥራ ነው። በዚህ መንገድ መስመር የማቃናቱን ሥራ ሶፍትዌሩ ራሱ ይሠራል፤ ውድ ዴክና ቲቢሲ አያስፈልግም። ካሴቱ ካለ ነገ ከነገ ወዲያ እንደገና ሊነበብ ይችላል። እስከ መጨረሻው ተጠንጥኖ፣ በቁሙ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ፣ ከስፒከር አጠገብ ሳይሆን ይቀመጥ። ላዩ ላይ ቀኑን፣ የማን እንደሆነና ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ መሆኑን ጻፉበት።